ጥርስ ያለው ይብላ፤ ስለ ሙሉ ፍሬና ስለ ጭማቂ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚወስደውን ጎዳና የያዘ መንገደኛ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ከሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ሐይቅ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው ሰፊውን ውሃና በ13ኛው መቶ ዓመት ከነበሩት ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም ጋር የታወቀውን የእስጢፋኖስን ገዳም ነው። እኛ ግን በዛሬው እሑድ ልናነሣ ያሰብነው ከገዳሙም ከታሪኩም ያነሰ የሚመስል፣ ነገር ግን በየቀኑ ከአፋችን የሚገባ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የፍሬ ነገር ነው።

ወደ አምባሰል ለመሄድ በዚሁ ከተማ በኩል ስናልፍ መኪናችን ለጥቂት ደቂቃ ቆመች። በመንገዱ ዳር አንዲት አረጋዊት እናት በጆንያ ላይ ብርቱካንና ዘይቱን በመደብ በመደብ ደርድረው ተቀምጠዋል። አብሮን ይጓዝ የነበረ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ጥም ጸንቶበት ኖሮ የሴትዮዋን ብርቱካን አልፎ ከፊት ለፊት ካለው ሱቅ በካርቶን የታሸገ ጭማቂ ገዛ። በካርቶኑ ላይ ሁለት ተከፍሎ ጠል ያረፈበት ብርቱካን ተሥሎበታል። ሴትዮዋም ሳይቆጡ ሳቅ ብለው፣

«ልጄ፣ ጥርስ የሌለው ይጠጣ፤ ጥርስ ያለው ይብላ እንጂ» አሉት።

«እማማ፣ ይህም እኮ ብርቱካን ነው» ሲል መለሰላቸው።

«ከሆነስ ልጣጩ የታለ?» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን፤ መኪናዋም ተነሣች። ነገር ግን የሐይቅ ውሃ ከኋላችን ቀርቶ የአምባሰል ገደል ከፊታችን ሲገተር የሴትዮዋ ጥያቄ ከጆሯችን አልወጣም። ልጣጩ የታለ? ፍሬው ሲጨመቅ የሚጣለው ነገር ዋጋ ቢስ ገለባ ነውን? ወይስ ከምንጠጣው ይልቅ የምንጥለው ይበልጥ ኖሯል? ይህን መጠየቅ ለአንባቢዎቻችን፣ ይልቁንም ለተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ሥራ ለጀመሩ ወጣቶች፣ ጠቃሚ መስሎ ታይቶናል።

መኪናችን ጥቂት ቆይታ ከውጫሌ ደረሰች። ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ቦታ መሆኑን ማንም ተማሪ ያውቃል። የዚያ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው አንድ ነገር፣ በኢጣልያንኛው ሌላ ነገር ይናገር ስለነበረ ያስከተለው መዘዝ እስከ ዓድዋ ደርሷል። ጭማቂንና ፍሬን በአንድ ስም መጥራትም፣ በመጠኑ ሲታይ፣ እንደዚያ ያለ ስሕተት ነው። ሥዕሉ «ፍሬ» ይላል፤ በውስጡ ያለው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ሁለቱን ቋንቋዎች እናስተያይ።

አንድ መካከለኛ ብርቱካን ሲበላ የሚሰጠን 60 ካሎሪ ያህል ኃይል፣ 12 ግራም ያህል ስኳር፣ 3 ግራም ያህል አሰር፣ 70 ሚሊግራም ያህል ቪታሚን ሲ ነው። አሰር የምንለው ሐኪሞች ፋይበር የሚሉትን፣ ሆድ ፈጭቶ የማይጨርሰውን የተክል ክፍል ነው። አሁን ደግሞ ሩብ ሊትር የሚይዝ አንድ ብርጭቆ ንጹሕ የብርቱካን ጭማቂ እንውሰድ። ይህን ለመሙላት ሦስት ያህል ብርቱካኖች ይጨመቃሉ። በብርጭቆው ውስጥ 110 ካሎሪ ያህል፣ 21 ግራም ያህል ስኳርና ከ120 ሚሊግራም የማያንስ ቪታሚን ሲ እናገኛለን፤ አሰሩ ግን ግማሽ ግራም ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ሦስቱን ብርቱካኖች ብንበላቸው ኖሮ ዘጠኝ ግራም ያህል አሰር ባገኘን ነበር። ከዘጠኙ ስምንት ተኩሉን ለቆሻሻ ገንዳ ሰጥተን ጣፋጩን ውሃ ለራሳችን አስቀረን ማለት ነው።

ከዚህ ሒሳብ አንድ ነገር በቅንነት እንመስክር። ጭማቂው በቪታሚን ሲ በኩል አላታለለንም፤ ሰጥቶናል። ጭማቂን መርዝ የሚያስመስሉ ሰዎች አሉ፤ እኛ ከእነርሱ ወገን አይደለንም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1747 ዓ.ም. ጄምስ ሊንድ የተባለው የእንግሊዝ መርከብ ሐኪም በድድ መድማትና በድካም ይሞቱ ከነበሩት መርከበኞች 12ቱን መርጦ የተለያየ መድኃኒት ቢሞክርባቸው ቶሎ የዳኑት ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ነበሩ። ሆኖም የዚህ ታሪክ ሁለተኛ ክፍል ብዙ ጊዜ አይነገርም። ሊንድ ፍሬውን በረዥም ጉዞ ለማቆየት ሲል ጭማቂውን በእሳት እያተነነ እንዲወፍር ማድረግን መከረ፤ ሙቀቱም አየሩም ቪታሚኑን አጠፋውና የወፈረው ጭማቂ ኃይሉን አጣ። ሰው ፍሬን ለማሻሻል ሲል ያጎደለበት ጊዜ ይህ የመጀመሪያው ባይሆንም የመጨረሻው እንዳልሆነ ዘመናችን ይመሰክራል።

አሁን ጥያቄው አሰሩ ቢቀር ምን ጎደለ? የሚል ይሆናል። ይህን ለመመለስ ፍሬ በሰውነታችን ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ መመልከት ያሻል። በሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለው ስኳር በጥቃቅን የተክል ክፍሎች ግድግዳ ውስጥ ተዘግቶ ይገኛል። ጥርስ ግድግዳውን በጥቂቱ ይሰብረዋል፤ ሆድም ቀስ እያለ ይከፍተዋል፤ ስኳሩም ወደ ደም የሚገባው ቀስ በቀስ ነው። አሰሩ ሆድን ይሞላል፤ አልፎም በትልቁ አንጀት ለሚኖሩት ጠቃሚ ተሕዋስያን ምግብ ይሆናል፤ ድርቀትንም ይከላከላል። ጭማቂ ግን ግድግዳው ቀድሞ የፈረሰበት ቤት ነው። ስኳሩ ያለ ከልካይ ወደ ደም ይፈስሳል፤ ቆሽትም ኢንሱሊን ለማቅረብ ይጣደፋል።

ይህ ግምት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ለአሥር ሰዎች ፖምን በሦስት ዓይነት አቀረበላቸው፤ ሙሉውን፣ የተፈጨውንና የተጨመቀውን። ጭማቂው ሙሉው ፖም ከሚበላበት በ11 እጥፍ ፈጥኖ ተጠጣ። ከሦስቱ ይበልጥ ያጠገበው ሙሉው ፍሬ ነበረ፤ ጭማቂው ከሁሉ ያነሰ አጠገበ፤ የተፈጨውም በመካከል ሆነ። ከጭማቂው በኋላም የኢንሱሊን መጠን ከሙሉው ፍሬ ይልቅ ከፍ ብሎ ታየ። በ2009 ደግሞ በአሜሪካ በተደረገ ሌላ ሙከራ ከምሳ በፊት ሙሉ ፖም የበሉ ሰዎች ምንም ካልቀመሱበት ቀን ይልቅ በጠቅላላው 15 በመቶ ያህል ያነሰ ምግብ በሉ፤ ጭማቂ ግን ይህን ያህል አልረዳም። የሐይቋ እናት «ጥርስ ያለው ይብላ» ሲሉ የላንሴትን መጽሔት አላነበቡም፤ ቢሆንም ከጥናቱ አልራቁም።

ከእነዚህ ትንንሽ ሙከራዎች ይልቅ የሚያሳስበው በብዙ ሰው ላይ የታየው ውጤት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት በአሜሪካ ከ187 ሺህ በላይ የጤና ባለሙያዎችን ለብዙ ዓመታት ተከታትሎ ነበር። ሙሉ ፍሬን፣ ይልቁንም ብሉቤሪ የተባለውን የጫካ ፍሬ፣ ወይንንና ፖምን አዘውትረው የሚበሉ ሰዎች በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዛቸው ዕድል አነሰ፤ ጭማቂ አዘውትረው የሚጠጡት ግን ዕድላቸው ከፍ አለ። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚጠጣውን ጭማቂ በሙሉ ፍሬ መለወጥም አደጋውን 7 በመቶ ያህል ከመቀነስ ጋር ተያይዞ ታየ። እንዲህ ያለው ጥናት ምክንያቱን በእርግጠኝነት አያስፈርድም፤ ፍሬ የሚበሉ ሰዎች በሌላም ነገር የሚጠነቀቁ ሊሆኑ ይችላሉና። ነገር ግን ከሆድና ከቆሽት ሥራ ከምናውቀው ጋር አንድ መንገድ ስለሚያሳይ ችላ ሊባል አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ምክር ከስኳር ሁሉ መቀነስ የሚገባውን «ነጻ ስኳር» ብሎ ለየው። በዚህ ስም ውስጥ በሻይ የምንጨምረው ስኳር፣ ማር፣ እንዲሁም የፍራፍሬ ጭማቂ ስኳር ይገባሉ፤ በሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለው ግን አይገባም። ነጻው ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻልም ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። ሁለት ሺህ ካሎሪ ለሚበላ ሰው 5 በመቶው 25 ግራም ነው። እንግዲህ አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ጭማቂ 21 ግራሙን ይጨርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ለሻይ የሚተርፈው አንድ ማንኪያ ብቻ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ የፈረንጅ አገር ጭማቂ ነገር ነው፤ የእኛ ጁስ ቤት ሌላ ነው» ይለን ይሆናል። እውነቱን ነው፤ ልዩነቱም መታወቅ አለበት። በአገራችን ከተሞች ጭማቂ የሚባሉት ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው እንደ ብርቱካን የተጨመቀው ነው፤ ስለ እርሱ ተናግረናል። ሁለተኛው በመፍጫ የተፈጨው ነው፤ አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ በአንድ ብርጭቆ ተደራርበው የሚቀርቡበት ስፕሪስ ከዚህ ወገን ነው። ይህ በእውነቱ ጭማቂ ሳይሆን የተፈጨ ፍሬ ነው፤ አሰሩም አብዛኛው በውስጡ አለ። አቮካዶ በ100 ግራም 7 ግራም ያህል አሰርና 15 ግራም ያህል ጥሩ ቅባት አለው። እንዲያውም እንደ ብላክቤሪ ያሉ ባለ ፍሬ ነገሮች ከነዘራቸው ሲፈጩ የደም ስኳርን ከሙሉው ፍሬ አብልጠው እንደማያስነሡ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ያመለክታሉ። ችግሩ የሚመጣው ከመፍጫው ሳይሆን ከማንኪያው ነው። ባለቤቱ ሳይጠየቅ ስኳር ይጨምራል፤ ከላይም ቀይ ጣፋጭ ሽሮፕ ያፈስበታል። ብርጭቆውም ትልቅ ነው። ምሳ በልቶ የመጣ ሰው ሌላ ምሳ በስትሮ ይጠጣል።

ሦስተኛው የካርቶኑና የጠርሙሱ ነው። በዚህ ውስጥ ደግሞ ንጹሕ ጭማቂ፣ ኔክታርና «የፍራፍሬ መጠጥ» የሚባሉት ይለያያሉ። የዓለም የምግብ ደረጃ ደንብ እንደሚለው የማንጎ ወይም የዘይቱን ኔክታር ፍሬው ከ25 በመቶ ካላነሰ ይበቃል፤ የቀረው ውሃና ስኳር ሊሆን ይችላል። «የፍራፍሬ መጠጥ» የተባለው ከዚያም ያነሰ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ካርቶን የሚገዛ ሰው ከፊት ያለውን ሥዕል ትቶ ከጀርባ ያለውን ጽሑፍ ያንብብ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከመፈረሙ በፊት የሚያነብ ወጣት የሚጠጣውንም ማንበብ ይገባዋል።

ከዚህ ላይ ወደ አምባሰል እንመለስ። በአምባሰል ቆላና ደጋ መካከል በእግሩ የሄደ ሰው በየቁጥቋጦው ምን እንደሚያገኝ ያውቃል። አጋም አለ፤ እሾሁ ይወጋል፤ ፍሬው ሲበስል ይጠቁራል። ቀጋ አለ፤ የዱር ጽጌረዳ ነውና አበባውም ፍሬውም ያምራል። የዱር እንጆሪ አለ፤ ጣትንና ከንፈርን ያቀላል። በጓሮው አጥርና በድንጋያማው ቁልቁለት ደግሞ በክረምቱ መጨረሻ በለስ ይበስላል። በመስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም በዓል ወደ አምባሰል የሚወጣው መንገደኛ ይህን አገር የሚያየው በዚሁ የፍሬ ወራት ነው።

እነዚህን ፍሬዎች ማንም አይጨምቃቸውም። የሚበሉት ከነሥጋቸው፣ ብዙዎቹም ከነዘራቸው ነው። የዱር እንጆሪያችን ዘመድ የሆነው ብላክቤሪ በ100 ግራም 5 ግራም ያህል ስኳርና 5 ግራም የሚያልፍ አሰር አለው፤ ስኳሩና አሰሩ ትክክል ሲሆኑ ማየት በጥቂት ፍሬ ብቻ የሚገኝ ነገር ነው። በለስ በ100 ግራም 3 ግራም ተኩል ያህል አሰር አለው። የቀጋ ወገን የሆኑ ፍሬዎች ደግሞ በቪታሚን ሲ ሀብታቸው በዓለም የታወቁ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብርቱካን ወደ እንግሊዝ መግባት ሲያቅተው የዚያ አገር ልጆች በየአጥሩ የሚበቅለውን የዱር ጽጌረዳ ፍሬ እየለቀሙ ለሕፃናት ሽሮፕ ይሠራበት ነበር። የአምባሰል እረኛ ያለ ጦርነትና ያለ አዋጅ የሚለቅመውን እነርሱ በመንግሥት ትእዛዝ ለቀሙት።

እዚህ ላይ የሚያሳዝን ነገር አለ። ያው እረኛ ተምሮ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ሲገባ አጋም መልቀሙን መናገር ያፍራል። አጋምና እንጆሪ «የእረኛ ምግብ» ይሆኑበታል፤ በስትሮ የሚጠጣው ግን የሥልጣኔ ምልክት ይመስለዋል። ከውጭ አገር በጣሳ ታሽጎ «ቤሪ» የሚል ስም የተለጠፈበት ፍሬ ሲያገኝም በውድ ዋጋ ይገዛዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው ለዚህ ነው። እኛ ሥልጣኔ ማለት የሚበላውን ነገር ማወቅ ነው እንላለን፤ ማኘክን መተው ሥልጣኔ ከሆነ ከእኛ በፊት ሕፃናትና ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሎች ሠልጥነዋል።

ይህን ስንል የዱር ፍሬ ሁሉ ይበላ ማለታችን አይደለም። እምቧይም ቢጫ ፍሬ ነው፤ የሚበላው ግን የለም። የማያውቁትን ፍሬ አገሩን የሚያውቅ ሽማግሌ ሳይጠይቁ መቅመስ ሞኝነት ነው። የሚበላውም ቢሆን በልኩ ነው። የበለስ ዘር እጅግ ሲበዛ አንጀትን እስከ መዝጋት የሚያደርስበት ጊዜ አለ፤ ይህን የወሎ እናቶች ለልጆቻቸው የሚያስጠነቅቁት በከንቱ አይደለም። የቀጋም ፍሬ በውስጡ የሚያሳክክ ጠጉር ስላለው የሚበላው ሥጋው ብቻ ነው።

አሁን ለጭማቂ የሚቆሙትን ሰዎች ክርክር በትክክል እንስማ። አንደኛ፣ ሁሉም ሰው ማኘክ አይችልም፤ ከበሽታ ያገገመ፣ ጥርሱ የታመመ፣ መዋጥ የሚቸግረው ሰው አለ። ለእነዚህ ጭማቂ፣ ከዚያም ይልቅ የተፈጨ ፍሬ፣ ትልቅ እርዳታ ነው። ሁለተኛ፣ መድኃኒት የሚወስድ የስኳር በሽተኛ የደሙ ስኳር በድንገት ወርዶ ላብ ሲያሰምጠውና ሲያንቀጠቅጠው ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ሕይወት ያድናል፤ በዚህ ጊዜ የጭማቂው ፍጥነት ጥፋት መሆኑ ቀርቶ መድኃኒት ይሆናል። ሦስተኛ፣ ፍሬ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ገበሬው በአንድ ወር የበሰለውን ሁሉ በአንድ ወር መሸጥ አይችልምና የተረፈውን የሚገዛ ጭማቂ ቤትም ፋብሪካም ያስፈልገዋል። እነዚህን ሦስቱንም እንቀበላለን። ነገር ግን ሦስቱም ለልዩ ጊዜ የሚቀርቡ ምክንያቶች ናቸው፤ ጤነኛ ወጣት ከምሳ በኋላ በየቀኑ ጭማቂ ይጠጣ ዘንድ ምክንያት አይሆኑም።

አደጋውም የሚከፋው በዚህ ስሕተት በሚጎዱት ሰዎች ላይ ነው። በአገራችን የታመመ ሰው ሲጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድም። ደግ ባህል ነው። ዛሬ ግን የሚያዘው ብዙ ጊዜ የካርቶን ጭማቂ ሆኗል። በሽተኛው የስኳር ሕመምተኛ ቢሆንስ? «ከፍሬ የተሠራ ነው፤ ስኳር አይደለም» ብሎ በቀን ሁለት ሦስት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው አይተናል። ለሻይ ስኳር የከለከሉት ልጆቹ ራሳቸው ጭማቂውን ይቀዱለታል። ይህ በፍቅር የሚሠራ ጉዳት ነው፤ ፍቅር ስለሆነም ማንም አይጠረጥረውም።

ሁለተኞቹ ሕፃናት ናቸው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ምክር አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጭማቂ እንዳይሰጠው፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለውም በቀን ከ120 ሚሊሊትር ያህል እንዳይበልጥበት አሳስቧል። በጡጦ ጭማቂ የሚጠባ ልጅ ጥርሱ ይበላሻል፤ ሆዱ በጣፋጭ ውሃ ስለሚሞላም ምግብ ይጠላል። በስሱ የተከተፈ ፓፓያ ወይም የተደቆሰ ሙዝ ግን ስድስት ወር ላለፈው ልጅ ጥሩ ምግብ ነው። ፓፓያና ማንጎ በቢጫነታቸው ውስጥ ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር አላቸው፤ ዓይንንም ጤናንም ይረዳል።

ንጽሕናም ሌላው ጉዳይ ነው። ብርቱካንና ሙዝ ከልጣጫቸው ጋር ከተፈጥሮ የታሸጉ ናቸው። ታጥበው ተልጠው ሲበሉ ንጹሕ ናቸው። የተጨመቀው ግን በመጭመቂያው፣ በውሃው፣ በብርጭቆውና በሠራተኛው እጅ ያልፋል። በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ከተሞች የተደረጉ ምርመራዎች በጭማቂ ቤት ጭማቂዎች ውስጥ ከሚገባው በላይ ተሕዋስያን አግኝተዋል። በንጽሕና የሚሠሩ ብዙ ቤቶች መኖራቸውን አንክድም፤ ልጣጭ ግን የማይደክም ዘበኛ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በ2007 ዓ.ም. በአገራችን ስለማይተላለፉ በሽታዎች በተደረገው ጥናት ከመቶ ዐዋቂ ሰው ከ95 የሚበልጠው የሚመከረውን ያህል አትክልትና ፍራፍሬ እንደማይበላ ታውቋል። የሚመከረው በቀን አምስት ጊዜ፣ በሚዛን 400 ግራም ነው። ስለዚህ የአገራችን ትልቁ ችግር ጭማቂ መጠጣት ሳይሆን ፍሬ አለመብላት ነው። ጭማቂውን ከልክለን ፍሬውን ካላቀረብን ምንም አልሠራንም። በበኩላችን አራት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ሲደረግ ለእንግዳ የሚቀርበውን ነገር የሚወስነው ብዙ ጊዜ ወጣቱ ሠራተኛ ነው። በካርቶን ጭማቂ ፋንታ የታጠበ ሙዝና ብርቱካን በሳሕን ያቅርብ። ገንዘቡ ከአካባቢው ገበሬ እጅ ይገባል፤ የካርቶንና የፕላስቲክ ቆሻሻም አይበዛም። እንግዳው «አሳንሰው አዩኝ» ይላል ብሎ የሚፈራ ካለ፣ በረመዳን ምሽት በወሎ ማዕድ ላይ የሚቀርበውን ያስታውስ። ጾም የሚፈታው በተምር ነው፤ ከነሥጋው ይበላል፤ ፍሬው ከእጅ ይቀራል፤ ውሃም ይጠጣበታል። ያን ማዕድ ያቃለለ ሰው የለም።

ሁለተኛ፣ ፍሬን ከምግብ ጋር እንብላ። በጤፍ፣ በምስርና በጎመን ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም፤ ቪታሚን ሲ ያለው ፍሬ አብሮ ሲበላ ግን ይረዳዋል። ቡናና ሻይ በተቃራኒው ያግዱታል። ስለዚህ ከምሳ ጋር አንድ ብርቱካን ወይም አንድ ዘይቱን፣ ቡናውን ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ማድረግ፣ ደም ለሚያንሳቸው እናቶችና ለልጃገረዶች ያለ ወጪ የሚገኝ ጥቅም ነው። ዘይቱን በ100 ግራም ከ200 ሚሊግራም በላይ ቪታሚን ሲ ሊኖረው ይችላል፤ ይህም ከብርቱካን አራት እጥፍ ያህል ነው።

ሦስተኛ፣ ከጁስ ቤት የሚገባ ሰው አፉን ይክፈት፤ «ስኳር አይጨመር፤ ሽሮፕ አይፍሰስ» ይበል። ትንሹን ብርጭቆ ይዘዝ። ደንበኛ ካልጠየቀ ባለቤቱ አያውቅም። ሕመምተኛ የሚጠይቅም ሰው ካርቶኑን ትቶ ፍሬ ይያዝ፤ የስኳር ሕመም ያለበትም ቢሆን ፍሬውን ከነአሰሩ በልክ መብላት እንዲችል ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

አራተኛ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌና በየገጠሩ ያሉ ትምህርት ቤቶች አጥር ያስፈልጋቸዋል። አጋምና ቀጋ ሁለቱም እሾሃም ናቸው፤ ከብት አያሳልፉም። ሽቦ ከመግዛት ይልቅ እነዚህን መትከል አጥርም ፍሬም ይሰጣል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይሏል። የተማሪዎች ማኅበራት ይህን ሥራ በአንድ ክረምት ሊጀምሩት ይችላሉ፤ ቁጥቋጦው ለማገዶ ተቆርጦ ከማለቁ በፊት ቢጀምሩት ደግሞ ይሻላል። እረኛው ይለቅመው የነበረውን ፍሬ ልጁ በመጽሐፍ ብቻ እንዲያየው አንፈልግም።

ከአምባሰል ስንመለስ በሐይቅ በኩል አለፍን። ሴትዮዋ ከዚያው ቦታ ነበሩ፤ ብርቱካኑ ግን አልቆ ዘይቱኑ ብቻ ቀርቷል። ያ ወጣት ጓደኛችን ወርዶ አንድ መደብ ገዛ። ታጥቦ ከነልጣጩ፣ ከነዘሩ ይበላ ጀመር። ሴትዮዋም አይተውት፣ «እሰይ ልጄ፤ አሁን የሚጣል የለም» አሉ።

እኛም የምንለው ከዚህ አይበልጥም። አንድን ፍሬ ከመጨመቃችን በፊት የምንጥለው ምን እንደ ሆነ እንጠይቅ። መጠጣት ያለበት ይጠጣ፤ ጥርስ ያለው ግን ይብላ።